የጓሮው ዛፍ ምስክሮች

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ጠጋ በሉ የሚባለው ሰውዬ ግን ያን ዕለት ማለዳ ከራሱ ጉዳይ ጋር የተላተመው በገዛ ጆሮው ነው። የግቢው ቧንቧ የተተከለው ከትልቁ ቤት የኩሽና መስኮት ሥር ነው፤ ውሃ ደግሞ የሚመጣው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ስለዚህ በጀሪካን ውሃ የሚቀዳ ሰው የቤቱንም ወሬ ሳይወድ በግዱ አብሮ ይቀዳል። መስኮቱ ገርበብ ብሎ ሻይ እየተፈላ ነበር። የእህቱ ባል፣ ከመድን ድርጅት ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ ከረባት ሳያስር ቁርስ የማይቀምሰውና ሰፈሩ ሁሉ ባለከረባቱ የሚለው ሰውዬ፣ ዛፍ ቆራጮቹ የነገሩትን ለሚስቱ እያስረዳ ነው። የጓሮው ትልቅ ዛፍ ወደ ግራ ቢወድቅ የጎረቤታቸውን የኮንትራክተሩን አጥር ይደረምሳል፤ ወደ ቀኝ ቢወድቅ የመብራት ሽቦ አለ፤ ወደ ፊት ቢወድቅ ትልቁን ቤት ይጨፈልቃል። በሰላም የሚጋደምበት አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ እሱም ጠጋ በሉ የሚኖርባት የጓሮዋ ክፍል ላይ። ስለዚህ መጀመሪያ ክፍሏ ትፈርሳለች፣ ቀጥሎ ዛፉ ይወድቃል፣ ቀጥሎ በባዶው ቦታ ላይ ቤት ኪራይ ላስመረራት ልጃቸው ሦስት ክፍል ይሠራል። ሁሉም እንደ መድን ውል፣ አንቀጽ በአንቀጽ።

«እሱስ?» አለች እህቱ።

«ማን እሱ?» አለ ባለከረባቱ።

ጀሪካኑ ሞልቶ ውሃው የጠጋ በሉ ጫማ ላይ መፍሰስ ጀምሮ ነበር፤ እሱ ግን ቧንቧውን መዝጋት ረስቶ የእህቱን መልስ ይጠብቃል። ባለከረባቱ ራሱ ጥቂት ቆይቶ «እ፣ እሱ» አለና፣ አንድ ሰው ምን ያህል ቦታ ይይዛል፣ አንድ ጥግ አይጠፋለትም፣ ለጊዜው ከሲሚንቶው ጆንያ ጎን ሊሆን ይችላል አለ። የእህቱ ማንኪያ ከብርጭቆው ጋር ሲጋጭ ብቻ ተሰማ፤ ስኳሩ ሟሙቶ አልቆ እንኳ ስታማስል ቆየች።

ጠጋ በሉ ስሙ አይደለም፤ እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት የጡረታ ክፍሉና እህቱ ብቻ ናቸው። ዕድሜውን የጨረሰው በከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆርጥ ነው። አውቶቡሱ ሞልቶ ሰው በመስኮት ሊፈስ እስኪደርስ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ወደ ውስጥ ግቡ፣ ቦታ አለ» ማለቱን ስለማይተው ስሙ በዚያው ቀረ። በሥራ ዘመኑ አንድም ሰው ቦታ የለም ብሎ ከበር መልሶ አያውቅም፤ ለዚህም ስንት ጊዜ ተሰድቧል፣ አንዴም በጃንጥላ ተመትቷል። አሁን የሚኖርባት ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና አንድ ሰው ትችላለች፤ እንግዳ ከመጣ ወንበሩ ይወጣል። እናታቸው ልትሞት ስትል ትልቁ ቤት የሴቷ፣ ክፍሏ የወንዱ ብላ በቃሏ ተናዝዛ ነበር፤ ያን ሲሰማ የነበረው ሁሉ ደግሞ እየተከተላት አልቋል። የዛፉ ሥር ከወለሉ በታች እየተጋፋ ሲሚንቶውን ስላነሳው አልጋው ወደ በሩ ያዘነብላል፤ እሱም በየጊዜው ካርቶን አጥፎ ከአልጋው እግር ሥር ይጨምራል። ጠዋት ሲነቃ ራሱን ከትራሱ አንድ ክንድ ርቆ ያገኘዋል። ቢሆንም ክፍሉ ነች፤ ሌላ የለውም።

ዛፉ ዛፍ ነው። ግቢው ውስጥ ከዚህ ሌላ ስም ኖሮት አያውቅም። ማን እንደተከለው የሚያውቅ የለም፤ ግንዱን ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም፤ ጫፉ ከኮንትራክተሩ ፎቅ በላይ ነው። የከተማው አስተዳደር ሕግ ቀላል ነው፤ በግቢህ ያለው ትልቅ ዛፍ አገር በቀል ከሆነ አትነካውም፣ ከውጭ የመጣ ከሆነ አሳውቀህ ትቆርጠዋለህ። የባለከረባቱ ልጅ በስልኳ ፎቶ አንስታ ስልኩን ምን ዛፍ ነው ብላ ጠይቃው ነበር፤ ስልኩ መጀመሪያ ጃንጥላ ነው አለ፣ ጠጋ ብላ ስታነሳው ደግሞ የአደባባይ ሐውልት ነው አለ። ባለከረባቱ ከዚህ ተነስቶ፣ የአገሩ ዛፍ ቢሆንማ አንድ ሰው እንኳ ባወቀው ነበር፣ ስለዚህ የማይታወቅ ሁሉ የውጭ ነው ሲል ደመደመ። የአስተዳደሩ የዛፍ ባለሙያ በዚሁ ዕለት ዘጠኝ ሰዓት መጥቶ አይቶ ሊፈርድ ቀጠሮ ተይዟል።

ስለዚህ ጠጋ በሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ለዛፉ ስም ማግኘት አለበት፤ ያውም የአገር ስም። ጀሪካኑን ክፍሉ አስገባና ወንበሩን አውጥቶ ቆመበት፤ ዝቅ ካለው ጎን አንድ ቅርንጫፍ ሰበረ። ቅጠሎቹ ደቃቅ ናቸው፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ግራና ቀኝ የተደረደሩ። ቅርንጫፉን ይዞ ሲወጣ እህቱን የግቢው በር ላይ አገኛት፤ በረንዳውን ጠርጋ አቧራውን ወደ ውጭ እየገፋች ነበር። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ሁለቱ የሚነጋገሩት ስለ ውሃ፣ ስለ መብራትና ስለ በሩ ቁልፍ ብቻ ነው። ተጣልተው አይደለም፤ አንዴ ዝም ያሉት ነገር እያደር ከበዳቸውና የሚያነሳው ጠፋ። ቅርንጫፉን አየችው፣ እሱን አየችው፣ የረጠበ ጫማውንም አየችው። መስኮቱ ሥር እንደነበር ገባት፤ እሱም እንደገባት ገባው። «ቁልፍ ይዘሃል?» አለችው። ይዣለሁ አላት። ከዚያ መጥረጊያዋ ቀጠለ።

የመጀመሪያው የሄደበት አናጢው ዘንድ ነው። እንጨት ከሚሰነጥቅ ሰው በላይ እንጨት የሚያውቅ የለም ብሎ ነው፤ አባባሉ ለሰሚ ያምር ነበር። አናጢው አንድ የቁም ሣጥን በር እየላገ ነበር፤ ሱቁ እስከ ቁርጭምጭሚት በፍቅፋቂ ተሞልቷል፣ ግድግዳው ላይ የለጠፈው የዋጋ ወረቀት ሦስቴ ተሰርዞ ሦስቴ ተጽፏል፣ አራተኛው ዋጋ ቦታ አጥቶ በሩ ላይ ወጥቷል። ቅርንጫፉን ተቀብሎ አሸተተው፣ በጥርሱ ነከሰው፣ ጠረጴዛው ላይ ደበደበው። ከዚያ ግንዱ ምን ያህል ይወፍራል ብሎ ጠየቀ። ጠጋ በሉ በሁለት እጁ አሳየው፤ አልበቃ ሲለው ሱቁ ውስጥ የነበረ አንድ ደንበኛ እጁን እንዲዘረጋ አድርጎ አብረው አሳዩት። የአናጢው ዓይን አበራ። ሣንቃ ይወጣዋል ወይ፣ ጉጥ አለው ወይ፣ ልቡ ቀይ ነው ነጭ ነው እያለ ያጣድፈው ጀመር። ጠጋ በሉ እኔ ስሙን ብቻ ነው የፈለግሁት አለው።

«አባቴ፣ ዛፍ ቆሞ ሳለ ሁሉም ዛፍ ነው» አለው አናጢው። «ስሙ የሚወጣው ሲሰነጠቅ ነው። ቆርጠህ አምጣልኝና ስሙን በነፃ እነግርሃለሁ።»

እንዳይቆረጥ ነው ስሙን የምፈልገው ቢለው አናጢው ከልቡ አዘነለት፤ እንግዲያ መቼም አታውቀውም አለው። ቆራጮቹ እንዲጠሩት ስልክ ቁጥሩን ፍቅፋቂ ላይ ጽፎ ሰጠው። ጠጋ በሉ ምርቃት ፍለጋ ሄዶ ባለጋራውን ቀድሞ ከመረቀ ሰው ቤት የወጣ መሰለውና ፍቅፋቂዋን መንገድ ላይ ጣላት።

ቀጥሎ ወደ ትምህርት ቤት ሄደ። የሥነ ሕይወት መምህሩ የእረፍት ሰዓት ላይ ነበር፤ የመምህራኑ ክፍል ጥግ ተቀምጦ በአንድ እጁ ዳቦ እየገመጠ በሌላው ፈተና ያርማል። ሰውየው ደግ ነው፤ ወንበር ሳበለት፣ የዳቦውን ግማሽ ቆርሶ ሰጠው፣ ዳቦ ስንት እንደገባ ለማስታወስ ያህልም ትንሽ ተነፈሰ። ቅርንጫፉን ወደ ብርሃን ዘርግቶ ሲያየው ቆየና ጥያቄውን ጀመረ። አበባው ምን ዓይነት ነው? ጠጋ በሉ አላየሁም አለ። በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል? ጣራው ላይ የሚንኮሻኮሽ ነገር አለ፣ ቅጠል ይሁን ወፍ አላውቅም። ፍሬው ቅርፊት አለው? ሲቆረጥ ወተት ያወጣል ውሃ? ሽታውስ? ጠጋ በሉ እንደ ሰነፍ ተማሪ አንገቱን ደፋ።

«እዚያ ግቢ ስንት ዓመት ኖርኩ አሉኝ?» አለው መምህሩ።

«እዚያው ነው የተወለድኩት።»

መምህሩ ከቅርንጫፉ ቀና ብሎ አየው። ሊያሳፍረው ብሎ አልነበረም፤ ጠጋ በሉ ግን አፈረ፣ ያውም ክፉኛ። ጠዋት ማንኪያ ስታማስል የዋለችውን እህቱን አስታወሰ፤ ከእሷ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ስንት ዘመን ኖረው የሚያውቀው ነገር ከዚህ ዛፍ አይበልጥም። ምን እንደሚያስደስታት ቢጠይቁት ይኸው መልሱ ነው፤ አላየሁም፣ አላውቅም፣ የሚንኮሻኮሽ ነገር አለ። መምህሩ የሰውየው ፊት ሲለወጥ አይቶ ሊያጽናናው ፈለገና፣ በእርግጠኝነት ባይሆንም በቅጠሉ አደራደር ዛፉ የባቄላ ወገን ሳይሆን አይቀርም አለው። ጠጋ በሉ ከኮንትራክተሩ ፎቅ በላይ የቆመውን ነገር አሰበና የሚያሾፍበት መሰለው። መምህሩ ግን ኮስተር ብሎ፣ ባቄላም አተርም የዚሁ ዘር ናቸው፣ ዝምድናው በደንብ የተጠና ነው አለ። የአገር ነው የውጭ ብሎ ሲጠይቀው፣ ወገኑ ሰፊ ነው፣ የእኛም አለበት የሰውም አለበት፣ አበባ ሳላይ አልፈርድም ብሎ ወደ ፈተናው ተመለሰ። ጠጋ በሉ ያገኘው ግማሽ ዳቦና የዛፉ ከባቄላ ጋር መዛመድ ብቻ ሆኖ ወጣ።

ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር። ቅርንጫፉ በፀሐዩ ደክሞ ቅጠሎቹን አጣጥፏል፤ ሲያዩት የተኛ ይመስላል። ወደ ቤት የሚመልሰውን አውቶቡስ ለመሳፈር ረጅም ሰልፍ ጠበቀ። እሱ ትኬት ይቆርጥ በነበረበት ዘመን ለዚህ ጉዞ ሳንቲም ነበር የሚከፈለው፤ አሁን በዚያ ሳንቲም ትኬት ቆራጯ የተቀመጠችበትን የመስታወት ሣጥን ማንኳኳት እንኳ አይቻልም። ቁጭ ብሎ ቅርንጫፉን በጉልበቶቹ መሃል አቆመው። አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት ቅጠል አፍንጫዬ ገባ ብላ አጉረመረመች፤ ሌላው ደግሞ ለምን ሙሉ ዛፉን ይዘህ አልመጣህም አለና የኋላ ወንበሮቹን አሳቀ። ጠጋ በሉ አልተቀየመም፤ እሱም በዘመኑ ከዚህ የባሰ ለስንቱ ተናግሯል።

ትኬት ቆራጯ ፌርማታውን እየጠራች ነበር። ዋርካው። ሁለቱ ጥድ። እነዚህን ስሞች ጠጋ በሉ ራሱ ጉሮሮው እስኪዘጋ ሲጠራቸው ኖሯል፤ በእንቅልፍ ልቡም ይጠራቸዋል። ያን ዕለት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ዋርካው በሚባለው ቦታ የስልክ ሱቅ አለ። ሁለቱ ጥድ ጋ ነዳጅ ማደያ ነው። አንድ ጥድ እንኳ የለም፤ ያለው በማደያው በር በጣሳ የተተከለ የፕላስቲክ አበባ ነው። ከዚያ ትኬት ቆራጯ «ሰሳ! ሰሳ ወራጅ አለ?» ስትል ጠጋ በሉ ከወንበሩ ብድግ አለ። ሰሳ የባንክ ሕንፃ ነበር፤ ከላይ እስከ ታች መስታወት።

ሰሳ ምንድነው ብሎ ጠየቃት። ፌርማታ ነው አለችው። ከፌርማታው በፊትስ ቢላት፣ አባባ ከእኔ በፊት የነበረውን እኔ ምን አውቃለሁ አለችው። ነገር ነገርን ያነሳዋልና አውቶቡሱ ተከራከረ። አንዱ ሰሳ እዚያ ይኖር የነበረ ሀብታም ነጋዴ ነው አለ፤ ሌላው ዳቦ ቤት ነበር ብሎ ማለ፣ ዳቦውንም እንደበላ ተናገረ። ከኋላ በኩል አንዲት አሮጊት እስኪጨርሱ ጠብቀው፣ ዛፍ ነበር አሉ። የአገር ዛፍ፣ ትልቅ፣ ለመንገዱ ብለው የቆረጡት። ጠጋ በሉ ሰው እየገፋ ወደ እሳቸው ሄደና ቅርንጫፉን ዓይናቸው ሥር አደረገ፤ ይህን ይመስላል ወይ አለ። አሮጊቷ አላየሁትም፣ እኔም ሲያወሩ ሰምቼ ነው አሉ፤ ዛፍ ነበር፣ መቼም ዛፍ ከነበረ ቅጠል ነበረው።

ጠጋ በሉ በቆመበት ቀረ። ስሙን ከተማው ሁሉ የሚያውቀው፣ መልኩን ግን በሕይወት ያለ ሰው የማያውቀው ዛፍ አገኘ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው ነው። በሥራ ዘመኑ አንድ ሐሰተኛ ትኬት ቆርጦ አያውቅም፤ ሌሎቹ ሲቆርጡም ይገሥፃቸው ነበር። አሁን ግን አልጋውን አሰበ፣ ከሲሚንቶ ጆንያ ጎን መተኛትን አሰበ፣ ማን እሱ የሚለውን ድምፅ አሰበ። ከሰሳ እስከ ቤቱ ባለው መንገድ ላይ ውሸቷን ደጋግሞ ተለማመዳት፤ በመጨረሻ እውነት እውነት ትሸት ጀመር።

ግቢ ሲደርስ ባለሙያው ቀድሞት መጥቷል። ትልቅ ቦርሳ የያዘ፣ ዝምተኛ፣ ጫማው የተወለወለ ሰው ነው። ዛፉ ሥር ቆሞ ወደ ላይ አንዴ አየና ከዚያ በኋላ አላየውም። ባለከረባቱ ለቀኑ የሚሆን ከረባት መርጦ አስሯል፤ ከጎኑ ኮንትራክተሩ አለ፤ እህቱ በረንዳው ላይ ቆማለች። ባለሙያው ገና ሲጀምር አንድ ነገር ግልጽ አደረገ፤ የዛፍ ባለሙያው ፈቃድ ላይ ነው፣ እሱ የመንገድ መብራት ክፍል ነው፣ ዛፍ አያውቅም። ባለከረባቱ ታዲያ እንዴት ትፈርዳለህ ሲለው፣ መመሪያው ዛፍ ማወቅን አይጠይቅም፣ ምስክር ነው የሚጠይቀው አለ። የዛፉ ዓይነት በባለሙያ ካልታወቀ፣ በግቢው ተወልዶ ያደገ ወይም አሥር ዓመት በጉርብትና የኖረ ሰው ቃሉን ይሰጣል፤ የበዛው ቃል ይጸናል። የመመሪያውን ቁጥርም ከነንዑስ ቁጥሩ በቃሉ ተናገረ። ለመብራት ክፍል ሰው ይህን ያህል ማወቁ ባለከረባቱን ደስ አሰኘው፤ ኮንትራክተሩን ወደ ፊት ገፋ አደረገው።

ኮንትራክተሩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እኔ ስንት ሕንፃ የሠራሁ ሰው ነኝ፣ ዛፍ ገና ሳየው ነው የማውቀው ብሎ ጀመረ። ይህ ዛፍ የውጭ ነው፤ መልኩ ራሱ ይናገራል፤ ቅጠሉ አጥሬን አልፎ ወደ ገንዳዬ ሲወድቅ እንኳ አወዳደቁ የእኛ አይደለም። ባለሙያው ከየት አገር ነው ብሎ ጠየቀው። ከባሕር ማዶ። ስሙስ? ኮንትራክተሩ ትንሽ አሰበና ስሙ ለምላስ አይመችም አለ። ባለሙያውም ስሙ ለምላስ የማይመች ብሎ መዘገበ።

ጠጋ በሉ ቅርንጫፉን ከፍ አድርጎ ወደ ፊት ቀረበ። በዚሁ ግቢ መወለዱን ተናገረ። ከዚያ እንደ ልምዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለመላው አውቶቡስ እንደሚናገር ሆኖ፣ «ሰሳ ነው» አለ።

ነገሩ እንደጠበቀው ሆነ። ባለሙያው ሰሳ የሚለውን ሲሰማ ፊቱ ፈካ አለ፤ በየቀኑ የሚወርደው እዚያ ነው። ኮንትራክተሩ እንኳ ሰሳማ ሰሳ ነው፣ ማን አያውቀውም የሚል ቃል ከአፉ ሊያመልጥ ሲል ባለከረባቱ በክርኑ ጎሰመው። አንድ ለአንድ ሆነ። ባለሙያው ዙሪያውን አየና በረንዳው ላይ የቆመችውን ሴት፣ እርስዎስ የት ተወለዱ አላት። እዚሁ አለች። እንግዲያ የእርስዎ ቃል ይጨርሰዋል፣ ይህ ዛፍ ምንድነው አለ።

ባለከረባቱ ፈገግ አለ፤ ሚስቱ ናት፣ ልጇም ቤት ትፈልጋለች፣ መልሱ በእጁ ነው። ጠጋ በሉ ቅርንጫፉን ዝቅ አደረገ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እሱ የተነቀነቀው ያኔ ጠዋት ዝም ስትል ነው፤ አሁንም ዝም ብትል አይፈርድባትም። ባሏ ነው፣ ቤቷ ነው፣ ልጇ ናት። እህቱ ደረጃውን ወርዳ መጣች። ቅርንጫፉን ከእጁ ተቀብላ አገላብጣ አየችው፤ ከዚያ ፊቱን አየችው፣ ያን ያህል ጊዜ ፊቱን ካየችው ስንት ዘመን ሆኗት ነበር። የዛፉን ስም እንደማታውቀው እሱ ያውቃል። ስሙን እንደማያውቀው እሷም ታውቃለች።

«ሰሳ ነው» አለች። «እማማ እንዲያ ነበር የምትለው።»

እናታቸው ዛፉን ዛፉ እንጂ ሌላ ብላው አታውቅም። ጠጋ በሉ እንባው እንዳይታይበት ዞር አለ። ባለከረባቱ ከረባቱን ላላ አደረገ፤ ይህን ሲያደርግ ያየው ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ባለሙያው ግን ከሁሉ ይልቅ ተደሰተ፤ የመጀመሪያ ዛፉ ነበር። አገር በቀል ሆኖ ተመዝግቧል፣ ከእንግዲህ ቅርንጫፉን የሚሰብር ሰው እንኳ ይቀጣል አለና በጠጋ በሉ እጅ ገብቶ ወደ እህቱ የተላለፈውን ቅርንጫፍ አይቶ እንዳላየ አለፈው። ከዚያ ከቦርሳው የብረት ሜትር አወጣ።

«አባባ፣ ይችን ጫፍ ግንዱ ላይ ይያዙልኝ» አለው።

ጠጋ በሉ በደስታ ያዘ። ባለሙያው ሜትሩን እየዘረጋ ወደ ኋላ ሄደ፤ የክፍሏ በር ላይ ሲደርስ አልቆመም፣ ገባ። ሜትሩ በበሩ አልፎ፣ ከወንበሩ በላይ፣ ከአልጋው በላይ ተዘርግቶ እስከ ኋለኛው ግድግዳ ደረሰ። ከውስጥ ድምፁ ተሰማ። አራት ሜትር ከአርባ። ከዚያ መመሪያውን ከነንዑስ ቁጥሩ ይወርደው ጀመር፤ የአገር በቀል ዛፍ ሥሩ እንዳይጎዳ ከግንዱ ዙሪያ አምስት ሜትር ውስጥ ግንባታ አይፈቀድም፣ ያለም ይነሳል፣ ከምዝገባው ቀን ጀምሮ ሰው አያድርበትም። ክፍሏ ሙሉ በሙሉ በአምስት ሜትሩ ውስጥ ነች፣ እንኳን ደስ አላችሁ፣ ትልቁ ቤት ነፃ ነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ባለከረባቱ ሳቀ። ከወራት ወዲህ እንደዚያ ስቆ አያውቅም፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ኮንትራክተሩን ደግፎ ሳቀ። ኮንትራክተሩ ግን አብሮት አልሳቀም፤ በእጁ ጣቶች አየር ላይ እየለካ ቆየና ሦስቱም ክፍል በአምስት ሜትሩ ውስጥ ነው አለው። የቱ ሦስት ክፍል አለ ባለከረባቱ እየሳቀ። የልጅህ አለው ኮንትራክተሩ፤ ደህና ዋሉ ብሎም ወጣ። ሳቁ እንደ ባዶ ቧንቧ ተንጠባጥቦ ቆመ። ዛፉ አይቆረጥም፣ ክፍሏ ትፈርሳለች፣ ባዶው ቦታ ባዶ ይሆናል፤ በቦታው የሚኖረው የባቄላው ዘመድ ብቻ ነው። ጠጋ በሉ የሜትሩን ጫፍ ግንዱ ላይ እንደያዘ ነው። በገዛ አፉ ነው ያፈረሳት፤ ማንን ይከሳል?

እህቱ ቅርንጫፉን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወደ ጓሮዋ ክፍል ገባች። ሜትሩን በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ ፍራሹን ከሥሩ ሳበችው፤ ባለሙያው ኋለኛው ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት እየቀባ ስለነበር ቀና ብሎ ይቅርታ አላት። ፍራሹን እየጎተተች ወጣች፤ ከብዷት መሃል ግቢው ላይ ቆመች።

«ያዝልኝ» አለችው ባሏን።

ባለከረባቱ ዙሪያውን አየ። ሌላ የሚይዝላት ሰው አልነበረም። ጎንበስ ብሎ ሌላኛውን ጫፍ ሲይዝ ከረባቱ ከፍራሹና ከእጁ መሃል ገባ፤ ቀና ማለት አቃተውና እንዳጎነበሰ፣ ወዴት ነው የምናስገባው አላት።

«ሳሎን» አለች።

ሳሎኑ ሶፋዎቹ ከተገዙበት ቀን ጀምሮ ላስቲካቸው ያልተላጠበት፣ ዘመድ ሲመጣ እንኳ በር ላይ ቆሞ አይቶት የሚመለስበት ክፍል ነው። ባለከረባቱ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ የሚስቱን ዓይን ሲያይ ከደነው። ሁለቱ ፍራሹን ይዘው ደረጃውን ወጡ፣ እሷ ወደ ፊት፣ እሱ አንገቱ ታስሮ ወደ ኋላ፤ ሶፋ ሲገፋ፣ ላስቲክ ሲንጫጫ ከውስጥ ተሰማ። ከዚያ እህቱ በሩ ላይ ብቅ አለች፤ ጸጉሯ ተበታትኗል፣ አቧራ ለብሳለች።

«ምን ትጠብቃለህ? ልቀቀውና ና፣ ጋሼ» አለችው።

ለቀቀው። ሜትሩ በበሩ፣ በወንበሩ፣ በባዶው አልጋ ላይ እየተንሿሿ ተመልሶ ባለሙያውን ጣቱ ላይ መታው፤ ጠጋ በሉ ግን ይቅርታ ለመጠየቅ አልቆመም።